በዴካችን ታዛ ሥር የተሰቀለው ግራጫ ቤት

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጓሮ በር ወጣ ብሎ ባለው ዴክ ጥግ፣ ታዛው ሥር፣ የተገለበጠ ሲኒ የመሰለ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አንዲት ተርብ ብቻ ነበረች፤ ከሳምንት በኋላ ሦስት ሆኑ፣ ልጆቿ መሰሉኝ። አሁን ጁን አጋማሽ ላይ ወደ ስምንት ይሆናሉ። ጥቁርና ቢጫ ናቸው፣ አንቴናቸው ብርቱካናማ ነው። አንዷ ሌላዋ ላይ ወጥታ ጭንቅላቷን ስትደበድባት አይቻለሁ፤ አንዷ ደግሞ ቤቱ ላይ እየተራመደች የሆዷን ጫፍ ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። አምና እዚያው ቦታ የነበረውን በመጥረጊያ አፍርሰነው ነበር፣ ዘንድሮ ተመልሰው መጡ። ባለቤቴ ቤንዚን ረጭቼ ላቃጥለው ይላል። ልጅ ሳለ አገር ቤት ተርብ እጁን ነድፎት ፊቱና ከንፈሩ አብጦ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ አለችን። ንብ ናቸው? ማር አላቸው? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝ ስለ ተርብ ቢሆንም የምጀምረው ከባለቤትዎ ነው። ከጻፉት ሁሉ ያስደነገጠኝ እጃቸውን ተነድፈው ፊታቸውና ከንፈራቸው አበጠ ያሉት ነው።

ተርብ እጅ ነድፎ እጅ ቢያብጥ፣ እብጠቱ እስከ ክርን ቢደርስና ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ እንኳ፣ ያሠቃያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። እጅ ተነድፎ ከንፈር ሲያብጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መርዙ እጅ ላይ ገብቶ እብጠቱ ፊት ላይ ከወጣ መላ ሰውነት ተቆጥቷል ማለት ነው፤ የሚቀጥለው ንድፊያ ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። «የልጅነት ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በቆዳና በደም ምርመራ ይለያል። አለርጂው ካለባቸው ኤፒንፍሪን የሚባል፣ ከባድ አለርጂን የሚያስታግስ መድኃኒት ያለበትን፣ ራስን መውጊያ መርፌ ይዘው እንዲዞሩ ይታዘዝላቸዋል። መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ሰውነትን የሚያለማምዱበት ሕክምናም አለ፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ግን ጥሩ ውጤት ያለው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው አኃዝ ከ2000 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በንብ፣ በተርብና ሆርኔት በሚባለው ትልቅ የተርብ ዓይነት ንድፊያ 1,109 ሰዎች ሞተዋል፤ በዓመት በአማካይ 62 ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ መላ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው «እኔን አያገኘኝም» ሊል አይችልም። ከተነደፈበት ቦታ ርቆ ሽፍታ ከወጣ፣ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካስመለሰ ወይም ራስ ካዞረ 911 ነው የሚደወለው፤ ነጭ ሽንኩርት እያሹ መጠበቅ የለም።

እንግዲህ ወደዚያ ቤት መቅረብ የሌለበት የመጀመሪያው ሰው ባለቤትዎ ናቸው። ቤንዚኑንም ይተዉት። አገር ቤት ችቦ ለኩሶ ተርብ ማቃጠል የተለመደ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ከታላላቆቼ ጋር ሆኜ አቃጥያለሁ። እዚህ ግን ዴኩ እንጨት፣ የቤቱ ልባስ ፕላስቲክ ነው፤ እሳቱ ተርቦቹን በልቶ አይቆምም። ባለቤትዎ አለርጂ ባይኖርባቸው ኖሮ «ከበሩ ራቅ ካለ ተዉት፣ በረዶ ሲመጣ በራሱ ያልቃል» እልዎት ነበር፤ የራሴ ቤት ታዛ ላይ ያሉትን የማደርጋቸው እንደዚያው ነው። በእናንተ ቤት ግን ይነሳ። ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ጠርተው፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሁሉም ቤታቸው ላይ ተሰብስበው በረድ ሲሉ ያንሳላችሁ። እስከዚያ ባለቤትዎ በፊት ለፊቱ በር ይግቡ ይውጡ፤ ልጅቷም በዚያ ጥግ ኳስ አትጫወት። ቤታቸው ካልተነካ ወይም ካልተንቀጠቀጠ ተነሥተው ሰው የሚያሳድዱ አይደሉም፤ ኳስ መጥቶ ሲመታቸው ግን ይነሣሉ። የተርብ መንደፊያ እንደ ንብ ቆዳ ውስጥ ተነቅሎ ስለማይቀር አንዷ ደጋግማ መንደፍ ትችላለች፤ የመርዙ ሽታም ሌሎቹን ይጠራል።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ተርቦቹ። ቤቱ ቢነሳም፣ ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቆመው ሲያዩት የከረሙት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዎታል። ደግሞ በደንብ አይተዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ በማስታወሻዬ እንድጽፍ ይነገረኝ የነበረውን ነው እርስዎ በሦስት መስመር የጻፉልኝ።

ንብ አይደሉም። ንብ ጠጉራም ናት፤ እነዚህ ገላቸው ልሙጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ማርም የላቸውም። የአበባ ወለላ ለጉልበታቸው ይቀስማሉ፣ አንዳንዴም ጠብታውን በባዶ ክፍል ግድግዳ ላይ ያኖራሉ፤ ግን ተቆርጦ የሚበላ ነገር አይደለም። ፖሊስቴስ ከሚባለው፣ ከ200 በላይ ዝርያ ካለው የወረቀት ሠሪ ተርቦች ወገን ናቸው። አንቴናቸው ብርቱካናማ ስላሉኝ ዝርያቸውን ለመለየት አልተቸገርኩም፤ የአውሮፓው ወረቀት ሠሪ ተርብ፣ ፖሊስቴስ ዶሚኑላ ነው።

ይህን ተርብ ሰው ሁሉ የሎውጃኬት ከሚባለው፣ መሬት ውስጥ ከሚኖረውና የባርቤኪው ሥጋ ላይ ከሚያርፈው ጋር ያምታታዋል፤ ሁለቱም ጥቁርና ቢጫ ናቸውና። አንቴናውን ይመልከቱ፣ የየሎውጃኬት ጥቁር ነው። ሲበሩም ይለያሉ፤ የእርስዎዎቹ ረጃጅም የኋላ እግራቸውን አንጠልጥለው ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ፣ የሎውጃኬት ግን እግሯን ሰብስባ እንደ ጥይት ታልፋለች። ገላቸውም ሸንቃጣ ነው። ሆዳቸው ከወገብ በኩል ቀጥኖ ይጀምርና መሐል ላይ ሰፍቶ እንደገና ይሾላል፣ ልክ እንደ እንዝርት። ሲያርፉ ክንፋቸውን በቁመቱ አጥፈው በጎናቸው ያስተኙታል። ልዩነቱ ለእርስዎ ቁም ነገር አለው፤ የየሎውጃኬት ቤት በሽፋን የታሸገ ሆኖ በበጋው መጨረሻ ሺዎች ሊይዝ ይችላል፣ የእርስዎዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ነው።

ዶሚኑላ እዚህ እንደ እኛ መጤ ናት። የአውሮፓና የሜዲትራኒያን አካባቢ ተወላጅ ስትሆን፣ በአሜሪካ ጎልታ የታየችው በ1970ዎቹ መጨረሻ በቦስተን አካባቢ ነው፤ ዛሬ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጠረፍ አለች። እንደ ተወላጆቹ ዘመዶቿ ታዛ ብቻ አትጠብቅም። የአጥር ብረት ቱቦ፣ የፖስታ ሳጥን፣ ክዳኑ ሳይከፈት የከረመ ግሪል፣ የቆመ መኪና መስተዋት ጀርባ፣ ሁሉም ይመቻታል። ግሪላችሁን በሜይ ስትከፍቱ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አገር ቤት በታዛና በአጥር ላይ የምናያት፣ ወገቧ እንደ ክር የረዘመችው ጠቆር ያለች ተርብ ደግሞ ቤሎኖጋስተር ከሚባለው የአፍሪካ ወገን ናት። የእነዚህ ዘመድ ናት፣ ቤቷንም እንደነሱ ያለ ሽፋን ከወረቀት ትሠራለች።

አሁን ቤቱን ከሥሩ ሳይሆን ከሩቅ፣ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይዩት። ተገልብጦ የተሰቀለ እንጀራ ነው፤ ዐይኖቹ ወደ ታች ናቸው። ንብ አንቢዎቻችን የማሩን ሰፈፍ እንጀራ ማለታቸው እዚህም ይሠራል፣ ልዩነቱ ይህኛው ከሰም ሳይሆን ከወረቀት መጋገሩ ነው። ሁሉም የተሰቀለው በአንዲት ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ከክብሪት እንጨት በቀጠነች ግንድ ነው። ያቺ ግንድ የምታብረቀርቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቲቱ የሆዷን ሥር እያሻሸች ከአንድ እጢ የሚወጣ ቅባት ትቀባታለች፤ ሽታው ጉንዳን ያባርራል። የፖሊስቴስ ትልቁ ጠላት ጉንዳን ነው፣ ወደ ሕፃናቱ የሚያደርሰው መንገድም ያ ግንድ ብቻ ስለሆነ ጠባቡን በር ቀብታ ዘጋችው ማለት ነው።

ወረቀቱን ከየት እንደምታመጣ ለማየት የጓሮ አጥርዎን ይመልከቱ። ቀለም ያልተቀባ፣ ፀሐይና ዝናብ ያሻገተው ግራጫ እንጨት ካለ ቀጫጭን ነጣ ያሉ ሰረዞች ያገኙበታል። እሷ የላጠችው ነው። ፀጥ ባለ ጠዋት አጠገቧ ቢቆሙ፣ ድርቆሽ በጥፍር እንደሚፋቅ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማሉ፤ እየተፋቀ ያለው በመንጋጋዋ ነው። ወደ ኋላ እየሄደች ትልጣለች፣ ክሩን በምራቋ እያላመጠች የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ታደርገዋለች፣ ተሸክማ ትሄዳለች፣ ከዚያም በክፍሉ ጠርዝ ላይ እያሻገረች በአንድ ቀጭን መስመር ትዘረጋዋለች። ለዚህ ነው ቤቱ በቅርብ ሲታይ የግራጫ፣ የቡናማና የነጭ ቀለበት ያለው፤ አንዱ መስመር ከአጥር፣ አንዱ ከደረቀ አገዳ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሙር በ1719 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ያኔ አውሮፓ ወረቀት የምትሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነው፤ እሱ ግን ተርብ ያለ ጨርቅ፣ ከእንጨት ብቻ ወረቀት መሥራቷን አይቶ ሰውም እንዲሞክረው መከረ። ከእንጨት የተሠራ ወረቀት በሰፊው የመጣው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ እንምጣ። ልጆቿ አይደሉም፤ ሊሆኑም አይችሉም። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያላት ተርብ ከ40 እስከ 50 ቀን ያህል ይወስዳል፣ እርስዎ ደግሞ ሦስቱን ያዩዋቸው በሳምንት ውስጥ ነው። እነዚያ ሦስቱም ያለፈውን ክረምት ያሳለፉ፣ ባለፈው መከር ከወንድ ጋር ተገናኝተው የወንድ ዘር ሆዳቸው ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት ይዘው የወጡ፣ ሦስቱም እንቁላል መጣል የሚችሉ ሙሉ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጀመረች፣ ሁለቱ ተጠጉ። ያዩት ድብደባም ማን እመቤት፣ ማን አገልጋይ እንደሚሆን የሚወሰንበት ነው። የበላይዋ ትወጣለች፣ በአንቴናዋ የታችኛዋን ጭንቅላት ትደበድባለች፣ አንዳንዴም ትነክሳለች፤ የታችኛዋ አንገቷን ደፍታ፣ ሆዷን ዝቅ አድርጋ ትቀበላለች። ይህን የማዕረግ ቅደም ተከተል በ1940ዎቹ በሰፊው ያጠናው ጣሊያናዊው ሊዮ ፓርዲ ነው፤ ያጠናቸውም እነዚሁ ፖሊስቴሶች ነበሩ። ከታች ያሉት ለአደን ይወጣሉ፣ እንጨት ይልጣሉ፤ እመቤቲቱ ቤት ትውላለች፣ እንቁላሉን የምትጥለውም በአብዛኛው እሷ ናት። ሌላዋ ደፍራ ከጣለች እመቤቲቱ ያንን እንቁላል ትበላውና በቦታው የራሷን ትተካለች።

ታዲያ ሁለቱ ለምን ራሳቸውን ችለው አይሠሩም? የሙያ ባልደረቦቼን ለብዙ ዓመት ያከራከረ ጥያቄ ነው። ቀላሉ መልስ «እህትማማቾች ናቸው፣ የእህቷን ልጆች ማሳደግ የራሷን ደም ማሳደግ ነው» የሚለው ነበር። ከዚያ በ2000 በዚህችው በዶሚኑላ ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት ከአገልጋዮቹ 35 በመቶ ያህሉ ከእመቤቲቱ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው አሳየ። በ2011 ደግሞ በስፔን የተደረገ ሰፊ ጥናት አንዱን መልስ ሰጠ፤ አገልጋይዋ የምትጠብቀው ውርስ ነው። እመቤቲቱ አንድ ቀን በወፍ ወይም በሸረሪት ትጠፋለች፣ ቤቱና በውስጡ ያሉት ሁሉ ለተከታይዋ ይሆናል። ብቻዋን የሠራች ደግሞ ለአደን ወጥታ ካልተመለሰች ቤቱ በዚያው ቀን አበቃለት። እኔ በግሌ የአንዲት ብቸኛ እናት ቤት በሜይ ወር ባዶውን ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሕፃናቱ ራሳቸውን ከክፍላቸው አውጥተው ሲጠባበቁ ቆይተው በሦስት አራት ቀን ይደርቃሉ። ከዓመት ዓመት ባየውም አልለመድኩትም።

እንቁላሉ ነጭና ሞላላ ነው፤ ክፍሉ ወደ ታች ስለተደፋ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል፣ ሲፈለፈልም በዚያው ተጣብቆ ይቆያል፣ ሲያድግም ወፍሮ በክፍሉ ውስጥ ይወተፋል። ምግቡ ሥጋ ነው። አድና የምትመለሰው እናት አባጨጓሬን አኝካ ድቡልቡል አድርጋ ታመጣለች፣ ለሌሎቹም ታካፍላለች፣ ከዚያ እየዞሩ እያንዳንዱን ያጎርሳሉ። እጩ በምላሹ ከአፉ ጠብታ ፈሳሽ ይሰጣል፤ ትልልቆቹ ይጠጡታል፣ ገንቢ ነገር አለበትና። ቤቱ ላይ እየተራመደች ሆዷን ታወዛውዛለች ያሏትም በዚሁ ጊዜ ነው፣ እጮች ያሉባቸውን ክፍሎች ስትዞር የምታደርገው ነው። የዚህች ዘመድ በሆነችው በፖሊስቴስ ፉስካተስ ላይ በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ እናቲቱ የክፍሉን ጠርዝ በአንቴናዋ እንደ ከበሮ ስትመታው፣ ንዝረቱ ሕፃኑን ወደ ሠራተኛነት እንደሚያደላው አሳይቷል። በጸደይ ብዙ ይመታል፣ ሠራተኞች ይወጣሉ። በበጋው መጨረሻ ከበሮው ይቀንሳል፣ ንግሥቶች ይወጣሉ። ይህን ጥናት ያነበብኩ ቀን ሥራዬን አቁሜ ታዛው ሥር ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ነበር።

እጩ ካደገ በኋላ የክፍሉን አፍ በራሱ ሐር ይዘጋል። ከታች ሆነው ነጭ ቆብ የደፉ ክፍሎች ካዩ ውስጣቸው ፑፓ አለ፤ ከትል ወደ ተርብ የሚለወጥበት የመጨረሻው ዕንቅልፍ ነው። አሁን ስምንት ካሉ፣ ከእነሱ አምስቱ የዘንድሮ ልጆች መሆናቸውን እገምታለሁ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ሴቶች ናቸው፣ ሠራተኞች ይባላሉ። እነሱ ከወጡ በኋላ እናቲቱ ከቤት አትወጣም ማለት ይቻላል። ሙቀት ሲበረታ ውኃ አምጥተው ቤቱ ላይ ያንጠባጥባሉ፣ በክንፋቸው ያራግቡታል፤ ጁላይ ላይ ወፎች ውኃ በሚጠጡበት ዕቃ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ሲጠጡ ካዩ ለዚያ ነው።

ጓሮዎ ውስጥ ጎመን ወይም ቃሪያ ተክለው ከሆነ፣ ከቅጠሉ ላይ የጎመን ትል ሲለቅሙ አይተው ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የትንባሆ ትልን እንዲያድኑ ተብሎ ለፖሊስቴስ በማሳ ዳር የእንጨት ሳጥን ይሰቀልላቸው ነበር። በ2019 ደግሞ በብራዚል የተደረገ ሙከራ የዚሁ ወገን አንዷ ዝርያ በበቆሎ ላይ ያለ መጤ ተምችን እንደምትቀንስ አሳይቷል። ያ ተምች በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎአችንን የፈጀው ራሱ ነው። ታዛ ላይ ያለችን ተርብ ሁሉ በችቦ ማቃጠል ልማዳችን ቢሆንም፣ ማሳ ዳር ያለችውን ግን ቢተዋት ገበሬው ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፊታቸው ሳልነግርዎ አላልፍም። በስልክዎ አጉልተው ፎቶ ሲያነሡ ከአፏ በላይ ያለውን ቢጫ ገበታ ይዩት፤ በአንዷ ንጹሕ ቢጫ ነው፣ በሌላዋ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ፣ በሦስተኛዋ የተቆራረጠ ጥቁር መስመር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ኤሊዛቤት ቲበትስ በ2004 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ እዚህ አሜሪካ ባሉ ዶሚኑላዎች ዘንድ ጥቁሩ የበዛና የተቆራረጠ ሲሆን ባለቤቷ የበለጠ ኃይለኛ ናት፤ ደካማዋን ቀለም ቀብተው ኃይለኛ ቢያስመስሏት ሌሎቹ ደጋግመው ይፈትኗታል፣ ይቀጧታልም። ፉስካተስ ደግሞ ከዚህ ትልቃለች። እሷ እያንዳንዷን እንደየመልኳ ታውቃለች። በ2002 ቲበትስ የአንዳንዶቹን የፊት ምልክት በቀለም ስትለውጠው የገዛ ቤተሰባቸው እንደ እንግዳ ተቀበላቸው፣ ደበደባቸው፤ ቆይተው ለመዱትና ተዉአቸው። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አንጎል ይዛ ጎረቤቷን በፊቷ ለይታ የምታውቅ ፍጥረት ናት።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው፣ ቤቱ ባይነሳ ኖሮ፣ እንዲህ ነበር። በኦገስት ከክፍሎቹ ሌላ ዓይነት ተርቦች መውጣት ይጀምራሉ። ወንዶቹ የወንድ ዘር ካልነካው እንቁላል የሚወለዱ ናቸው፤ ፊታቸው ቢጫ፣ የአንቴናቸው ጫፍ ወደ ውጭ የተጠቀለለ ነው፣ መንደፊያም የላቸውም። ሴቶቹ ወፍራምና ሰነፍ ይመስላሉ፤ አያድኑም፣ አይሠሩም፣ ስብ ያጠራቅማሉ። የከርሞዎቹ እናቶች እነሱ ናቸው። በሴፕቴምበር ቤቱ ሥርዓት ያጣል። እመቤቲቱ ደክማለች ወይም ሞታለች፣ ሠራተኞቹ ያልቃሉ፣ ወንዶቹ ፀሐያማ ግድግዳና ምሰሶ ላይ እየዞሩ ሴት ይጠብቃሉ። በዚህ ወቅት ግድግዳዎ ላይ ሃያ ሠላሳ ተርብ ሲያንዣብብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የሚከላከሉት ቤትና ሕፃን የላቸውም። ከወንድ ጋር የተገናኙት ሴቶች ለክረምቱ ስንጥቅ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ የዛፍ ልጥ ሥር፣ የጣሪያ ውስጥ፣ የመስኮት ክፈፍ ጀርባ። የቀሩት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ብርቱ ውርጮች ጋር ያልቃሉ። ጃኑዋሪ ላይ በሞቀ ቀን አንዲት ተርብ መኝታ ቤት ስትንፏቀቅ ብታገኙ ከእነዚያ አንዷ ናት፣ ሙቀቱ ቀድሞ ቀስቅሷት። ብርጭቆ ከላይዋ ደፍተው፣ ወረቀት ከሥሯ አሾልከው ያውጧት፤ ይህንንም ከባለቤትዎ ሌላ ሰው ያድርገው።

ለምን ተመልሰው መጡ ላሉት መልሱ ይኸው ነው። አምና ያፈረሳችሁት ቤት ልጆች ከመፍረሱ በፊት ወጥተው ከነበረ እዚያው አካባቢ ከርመዋል፤ የፖሊስቴስ ሴቶች ደግሞ በጸደይ ወደተወለዱበት ሥፍራ መመለስ ይወዳሉ። ታዛችሁም ለማንኛዋም ተርብ ጥሩ ነው፤ ዝናብ አይደርስበትም፣ ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። አሮጌውን ቤት ግን ብዙውን ጊዜ አይገቡበትም፣ አዲስ ይሠራሉ።

ስለዚህ የእርስዎ ወር ኤፕሪል ነው። ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያንን ጥግ፣ የግሪሉን ክዳን ውስጥና የልጅቷን መጫወቻ ቤት ይዩ። አንዲት ተርብ፣ አንዲት ጥቁር ግንድ፣ ሦስት ወይም አራት ዐይን ያላት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት ካገኙ፣ ከቀትር በኋላ እሷ ለአደን እስክትወጣ ይጠብቁና በረጅም መጥረጊያ እርስዎ ራስዎ ያውርዷት፤ ግንዷን ከእንጨቱ ላይ ፍቀው በሳሙና ውኃ ይጠቡት። ተመልሳ ትመጣለች፣ ትፈልጋለች፣ እንደገና ልትጀምርም ትችላለች። ያን ጊዜም ያውርዱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመባት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች፤ ከአጥሩ ማዶ ብትሄድ የጎመንዎን ትል ከዚያም ሆና ትለቅመዋለች።